የሜታል አልበም ከቨር የሙዚቃው አካል ነው ወይስ ማሸጊያ?

ብረት_ለበስ፦
ሰላም ጎበዝ! ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የጀመርነው ክርክር አልቋጭ ስላለን እዚህ ላምጣው ብዬ ነው። እሱ ምን ይላል መሰላችሁ፣ የአልበም ከቨር ዋጋ የነበረው ሰው ሸክላ መሸጫ ገብቶ በዓይኑ መርጦ በሚገዛበት ዘመን ነው፣ አሁን ሁሉም ነገር ስልክ ላይ ሆኖ ጥፍር የምታክል ምስል ምን ልትፈይድ ነው፣ ባንዶቹ ለሰዓሊ የሚከፍሉትን ስቱዲዮ ላይ ቢያወጡት ይሻላቸዋል ባይ ነው። እኔ ደግሞ ይሄ በጭራሽ አልዋጥልህ አለኝ። ሌላ ሙዚቃ ላይ የዘፋኙን ፎቶ ለጥፈህ ብታልፍ ማንም አይጠይቅህም፣ ሜታል (ከባዱ የጊታር ሮክ) ላይ ግን ገና አንድ ኖታ ሳትሰማ ከቨሩ ወዴት እየገባህ እንደሆነ ይነግርሃል፣ አልበሙ እስኪያልቅም ከዓይንህ አይጠፋም።

ለምሳሌ የሜታሊካን ማስተር ኦፍ ፐፔትስ (1986) ውሰዱ። ነጫጭ መስቀሎች የተደረደሩበት የወታደር መቃብር ነው፣ ከመስቀሎቹ ክር ተነስቶ ቀይ ሰማይ ላይ ካሉት ሁለት እጆች ጋር ይያያዛል፣ ይሄን ሁሉም ሰው ያየዋል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን አንዱ መስቀል ላይ የወታደር ሄልሜት ተሰቅሏል፣ ሌላው ላይ ደግሞ ወታደሮች አንገታቸው ላይ የሚያደርጉት የስም መለያ። እኔ ያቺን ሄልሜት ካየሁ በኋላ የአልበሙን ዘፈን ዲስፖዘብል ሂሮስን እንደ ድሮው ሰምቼው አላውቅም፣ ዘፈኑ ስለማንም ወታደር መሆኑ ቀርቶ የሆነ የአንድ ሰው ሆነብኝ።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ እናንተስ ከቨር የአልበም አሰማማችሁን ቀይሮባችሁ ያውቃል? ዝም ብላችሁ አሪፍ ነው እንዳትሉኝ፣ የትኛው አልበም፣ ምኑ ጋ፣ ማን የሳለው፣ እሱን ንገሩኝ። የማይስማማም ካለ ይናገር፣ እሱንም መስማት እፈልጋለሁ።

የድሮ_ሸክላ፦
ጓደኛህ የረሳው ነገር ሜታል ራሱ ከከቨሩ ጋር አብሮ መወለዱን ነው። የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም የወጣው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ዕለቱም ዓርብ ነበር። ፎቶውን ያነሳው ኪት ማክሚላን ይባላል፣ ቦታው እንግሊዝ፣ ኦክስፎርድሺር ውስጥ፣ ሜፕልደርሃም ያለ ጥንታዊ የውሃ ወፍጮ ነው። ከፊት ጥቁር የለበሰች ፊቷ የገረጣ ሴት ቆማ ታያችኋለች፣ በቃ፣ ኦዚ የለ፣ አዮሚ የለ፣ ከባንዱ ልጆች አንድም ሰው የለም። ቀለሙንስ አያችሁት? ሳሩና ቅጠሉ ሁሉ የታመመ ነው የሚመስለው። ምክንያቱም የተጠቀመው ኢንፍራሬድ ፊልም ነው፣ ፊልሙ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ስለሚይዝ አረንጓዴ መሆን የነበረበት ቅጠል ወደ ሮዝ ምናምን ይሄዳል። አሁን አልበሙን ክፈቱት፣ ዝናብ፣ ነጎድጓድ፣ የሩቅ ደወል፣ ከዛ የቶኒ አዮሚ ሶስት ኖታ። ያ ዝናብ የት ነው የሚዘንበው ብትሉኝ እዛ ወፍጮ ቤት ጓሮ ነው የምላችሁ፣ ሌላ ቦታ ላስበው ብሞክርም አይመጣልኝም።

ደግሞ ሸክላውን ከፍታችሁ ውስጡን ስታዩት ትልቅ የተገለበጠ መስቀል አለበት፣ እሱን ያስገባው አሳታሚው እንጂ ባንዱ አልነበረም። ግን ከዛ በኋላ ለስንት ዓመት ሰው ብላክ ሳባዝን ሲያይ በዛ መስቀል በኩል ነው ያየው፣ እነሱ ሰይጣን አምላኪ አይደለንም ቢሉም ማን ይስማቸው። ማሸጊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ጉልበት ከየት ያመጣ ነበር?

ወደ አይረን ሜይደን ስንመጣ ኤዲ፣ ከቨሮቻቸው ላይ የሚሳለው ሬሳ መሰሉ ፍጡር፣ የባንዱ አባል ነው ብል አላጋነንኩም፣ ድምፃዊ ተቀይሯል፣ ከበሮ መቺ ተቀይሯል፣ ኤዲ ግን እስከዛሬ አለ። ዴሪክ ሪግስ መጀመሪያ ሲስለው ለሜይደን ብሎ አልነበረም፣ ማናጀራቸው ሮድ ስሞልዉድ ሥራውን አይቶ ወደደው፣ ፀጉር ጨምርለት ተባለና በ1980 የመጀመሪያው አልበም ላይ ወጣ። የዘ ነምበር ኦፍ ዘ ቢስት (1982) ሥዕል ደግሞ የተሠራው ፐርጋቶሪ ለሚባለው ሲንግል (ለብቻው ለሚወጣ ዘፈን) ነበር፣ ስሞልዉድ ግን ለሲንግል ማባከን ስላልፈለገ ለአልበሙ አስቀመጠው። ለኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ሳምዌር ኢን ታይም (1986) ነው። ኤዲ ግማሽ ማሽን ሆኖ ሽጉጥ ይዞ ገና ባልመጣ ዘመን ከተማ ውስጥ ቆሟል፣ ከኋላው ያለው ከተማ ግን እንዲያው ለማሟያ የተሳለ እንዳይመስላችሁ። ሰዓቱ 23:58 ይላል፣ ቱ ሚኒትስ ቱ ሚድናይት የሚለው ዘፈናቸው ማለት ነው። በሌላ ዘፈናቸው ስም አሴስ ሃይ የሚል ባር አለ፣ ድሮ ይጫወቱባቸው የነበሩት የረስኪን አርምስና የማርኪ ስሞች ምልክት ሆነው ተሰቅለዋል፣ ኢካሩስ ክንፉ እየነደደ ሲወድቅ ይታያል፣ የኳስ ውጤት ሳይቀር አለ፣ ዌስት ሃም 7 አርሰናል 3 ይላል፣ ስቲቭ ሃሪስ የለየለት የዌስት ሃም ደጋፊ ስለሆነ ነው። ይሄን ያደረገ ሰዓሊ አድማጩ ሸክላውን አስጀምሮ ቁጭ ብሎ ከቨሩን ጥግ በጥግ እንደሚመረምረው ያውቃል። ሰዓሊውም አድማጩም እኩል ነው የሚጨነቁበት።

ጆሮ_ይቅደም፦
እኔ ከጓደኛህ ጎን ነኝ። ሙዚቃ የጆሮ ነው። በሜታል ታሪክ በጣም ከተሸጡት አልበሞች አንዱ የሜታሊካ የ1991ዱ ጥቁሩ አልበም ነው፣ ከቨሩ ላይ ምን አለ? ምንም! ጥቁር። ማንም ሰው ሥዕል የለውም ብሎ አልተወውም። የሜይደንን ነገር ካነሳችሁ ደግሞ ዳንስ ኦፍ ዴዝን (2003) ለምን ዘለላችሁት? በኮምፒውተር የተሠራ ያላለቀ ሥራ ነው፣ ራሱ የሠራው ዴቪድ ፓቼት እንኳን ስሜን አውጡልኝ ብሏል። አልበሙ ላይ ግን ፓሸንዴል አለ፣ እንዳለ ድንቅ ዘፈን ነው፣ ከቨሩ አስቀያሚ ስለሆነ አንድም ኖታ አልተበላሸበትም። በተቃራኒው ደግሞ ድራጎኑ፣ ሰይፉ፣ እሳቱ፣ ሁሉም ነገር የተሟላለት ከቨር አይታችሁ ስትከፍቱት ባዶ የሆነ አልበም አጋጥሟችሁ አያውቅም? እኔን ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። እና የሥዕሉን ክብር ለሥዕሉ እንስጠው፣ ሙዚቃውን ግን ሙዚቃው ይሸከም።

የጨለማ_ድምፅ፦
@ጆሮ_ይቅደም ጥቁሩን አልበም ምንም የለበትም ማለት ልክ አይደለም። ብርሃን ላይ አዘንብለህ እየው፣ ጥግ ላይ የተጠቀለለ እባብ አለ፣ ሎጎውም ደብዝዞ አለ። ከዛ በፊት በነበሩት አልበሞች ላይ ስንት ነገር ይሳል ነበር፣ ዘፈኖቹም ስምንት ዘጠኝ ደቂቃ የሚሄዱ ውስብስብ ነበሩ፣ በ1991 ዘፈኑን አሳጠሩ፣ ሪፉን (እየተደጋገመ የሚመጣውን የጊታር ሐረግ) ቀለል አደረጉ፣ ከቨሩንም እንደዛው። ይሄ ራሱ እኮ ውሳኔ ነው።

የኔ መልስ ግን ወደ ዴዝ ሜታል (ድምፃዊው ከጉሮሮው የሚያጉረመርምበት ከባድ የሜታል ዓይነት) ነው የሚሄደው፣ እዛ ቤት ከቨር ማለት መታወቂያ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ትራሽ የሚባለውን ፈጣን ሜታል ስትሰማ ኤድ ሬፕካን ታገኘዋለህ፣ የሜጋዴዝን ፒስ ሴልስ (1986) እና ረስት ኢን ፒስ (1990) የሠራው እሱ ነው፣ ደማቅ ቀለም፣ ጥርት ያለ መስመር፣ ፖለቲከኞች፣ ኑክሌር፣ አፅም፣ ልክ እንደ ኮሚክ መጽሐፍ ወዲያው የሚነበብ። ትራሽም እንደዛ ነው፣ ፈጣን ነው ግን እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይሰማሃል፣ ስለ ጦርነትና ስለ መንግሥት ነው የሚጮኸው። ከዛ ዳን ሲግሬቭ መጣ። የሞርቢድ ኤንጅልን ኦልተርስ ኦፍ ማድነስ (1989) ሲሠራ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። ያንን ከቨር የት ጋ ነው ማየት የምትጀምረው? መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፣ ፊት በፊት ላይ ተጨፍልቆ፣ አንዱ ከሌላው አፍ እየወጣ፣ ዓይንህ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። አሁን ሙዚቃውን ስማው፣ የጊታሪስቱ የትሬይ አዛግቶት ሶሎ ልክ እንደዛው ነው፣ ከየት ተነስቶ የት እንደገባ ሳታውቀው አልፏል። መጀመሪያ ስሰማው ድብልቅልቁ ወጥቶብኝ ነበር፣ ከቨሩን እያየሁ ስሰማው ነው መደባለቁ የታሰበበት መሆኑ የገባኝ። ከዛ የኢንቱምድ ባንድ ሌፍት ሃንድ ፓዝ በ1990፣ የዲስሜምበርና የሳፎኬሽን ባንዶች አልበሞች በ1991፣ ሁሉም የሱ ናቸው፣ ያኔ የሱን እጅ ከሩቅ አይቶ ይሄ ዴዝ ሜታል ነው ማለት ይቻል ነበር።

ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅበት ለማወቅ ደግሞ የሴፑልቱራንና የኦቢቹዌሪን ነገር ተመልከቱ። ሁለቱም ባንዶች አንድ ሌብል (አሳታሚ) ላይ ነበሩ፣ ሴፑልቱራዎች ለቢኒዝ ዘ ሪሜይንስ (1989) የፈለጉት የማይክል ዊላን ሥዕል በኋላ ኮዝ ኦፍ ዴዝ (1990) ላይ ለወጣው ለኦቢቹዌሪ ተሰጠባቸው፣ ለነሱ የዊላን ሌላ ሥዕል ደረሳቸው፣ ያ ቀዩ የራስ ቅል። የሴፑልቱራ ከበሮ መቺ ኢጎር ካቫሌራ የመጀመሪያውን ሥዕል ቆዳው ላይ መነቀስ ጀምሮ ነበር! ለማሸጊያ ማን ይነቀሳል? ለሁለቱም ግን የወጣላቸው ይመስለኛል፣ የኦቢቹዌሪ ያ የበሰበሰ ቀርፋፋ ድምፅ ለዛ ሥዕል የተሠራ ነው የሚመስለው።

@ጆሮ_ይቅደም አንድ ባንድ ልጨምርልህ፣ ዳርክስሮን። የመጀመሪያ አልበማቸው ሶልሳይድ ጀርኒ (1991) ዴዝ ሜታል ነው፣ ከቨሩም ባለቀለም ሥዕል ነው። በዓመቱ ኤ ብሌዝ ኢን ዘ ኖርዘርን ስካይ (1992) ሲወጣ ሙዚቃው ሻካራና ጨለማ ወደሆነው ብላክ ሜታል ዞሯል፣ ከቨሩ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ ነው፣ ፊቱን የተቀባ አንድ ሰው ከጨለማ ውስጥ ብቅ ብሎ። ፕሮዳክሽኑን (የቀረጻውን አሠራር) አራቆቱት፣ ሥዕሉንም አራቆቱት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ድምፁን ዘግተህ ብታያቸው እንኳን ባንዱ ምን እንደሆነ ይገባሃል።

ቀለም_በጥባጭ፦
እኔ ከሌላው ጎን ልናገር፣ ለሜታል ባንዶች ከቨር እሠራለሁ፣ ትልልቅ ባንዶች አይደሉም ግን ሥራው ያው ነው። ባንዱ ብዙ ጊዜ የሚልክልኝ ግጥሙንና ያላለቀ ቅጂ ነው፣ ያንን በሉፕ አድርጌ እየሰማሁ ነው የምስለው፣ ስለዚህ ሥዕሉ ከሙዚቃው ውጪ ነው ሲባል አይገባኝም፣ እጄ የሚሄደው በከበሮው ነው። ዱም የሚባለው ቀርፋፋ ሜታል ሲሆን ራሴን ሰፊ ባዶ ሰማይ ስስል አገኘዋለሁ፣ ፈጣን ነገር ሲሆን ደግሞ ባዶ ቦታ መተው ያቅተኛል።

ሰው የማያስተውለው ብዙ ነገር አለው። ሎጎው የሚቀመጥበት ቦታ ከመጀመሪያው ነው የሚታሰበው፣ የሜታል ሎጎ ደግሞ እንደምታውቁት ሥርና እሾህ የበዛበት ስለሆነ ከኋላው ያለው ሥዕል ጸጥ ካላለለት ሁለቱም ይጠፋሉ። ከቨሩ ወደ ጀርባ የሚዞር ከሆነ የጀርባው ግማሽ የዘፈን ዝርዝር ስለሚጻፍበት ጨለም ማለት አለበት፣ ግን ለብቻውም ሲታይ ሥዕል መሆን አለበት። ጨለማው ራሱ ጣጣ ነው። ስክሪን ብርሃኑን ከራሱ ስለሚያወጣ ጥቁር ውስጥ ያለ ጥቁር ሰማያዊ ወይ ወይን ጠጅ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ካርቶን ላይ ሲታተም ግን ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ሰምጦ ዝርዝሩ ሁሉ ድፍን ይላል። ስለዚህ ለህትመት የምልከውን ጥላው ጋ ከፍ አድርጌ ነው የምልከው፣ ስክሪን ላይ ሲታይ ትንሽ የነጣ እስኪመስል። እና ስለ ስልኩ ጉዳይ፣ ሸክላ 31 ሴንቲ ገደማ ነው፣ ሲዲ ሲመጣ ወደ 12 ወረደ፣ ካሴት ላይማ ስኩዌሩ ራሱ ተቆርጦ ነበር፣ መጥበቡ ዛሬ የጀመረ ነገር አይደለም። እኔ ንድፉን ከመጨረሴ በፊት አሳንሼ አየዋለሁ፣ በትንሹ አንድ ጠንካራ ቅርፅ ካልታየኝ እንደገና እጀምራለሁ። የኤዲ ፊት እኮ በጥፍር ልክም ቢሆን ኤዲ ነው።

ከሁሉም የምቀናው ደግሞ ራሳቸው በሚስሉት ነው። የቮይቮድ ከበሮ መቺ አዌይ የባንዱን ከቨሮች ራሱ ነው የሚሠራው፣ የባሮነሱ ጆን ቤይዝሊም ዘፋኝ፣ ጊታሪስትና ሰዓሊ ነው፣ ከሬድ (2007) እስከ ጎልድ ኤንድ ግሬይ (2019) አልበሞቹን በቀለም ስም እየሰየመ ሙዚቃውንም ሥዕሉንም አንድ ላይ ነው ያወጣቸው። እነሱ ጋ ሄደህ የቱ ነው ዋናው የቱ ነው ማሸጊያው ብትል መልስ የሚኖራቸው አይመስለኝም።

ብረት_ለበስ፦
ኧረ ተባረኩ፣ ይሄን ያህል ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። @ቀለም_በጥባጭ እህቴ የማሳነሱን ነገር ለጓደኛዬ እንዳለ ነው የማነብለት። ሁለት ነገር ልጠይቅ፣ ቆየት ያሉ የሙዚየም ሥዕሎችን የሚጠቀሙ ባንዶችስ? ሥዕሉ ለአልበሙ ካልተሳለ የሙዚቃው አካል ሊሆን ይችላል? ሌላው ደግሞ አሁን በኤአይ የሚሠሩት ከቨሮች፣ እነሱ ላይ ምን ትላላችሁ?

የጨለማ_ድምፅ፦
ይችላል እንጂ! የካንድልማስ ባንድን ናይትፎል (1987) እየው። ሥዕሉ የአሜሪካዊው የቶማስ ኮል ነው፣ በ1842 የሠራው፣ ሰውን ከልጅነት እስከ እርጅና በጀልባ ጉዞ ከሚያሳዩት አራት ሥዕሎች የመጨረሻው። አንድ ሽማግሌ በተሰባበረ ጀልባ ጥቁር ደመና ባጠላበት ባሕር ላይ ነው፣ ከላይ ብርሃን ተከፍቶ መልአክ ይጠብቀዋል። የዘፋኙ የሜሳያ ማርኮሊን ድምፅ በዛ ቀርፋፋ ሪፍ ላይ ሲወጣ የምሰማው ያንን ሽማግሌ ነው። ለአልበሙ አልተሳለም፣ ግን የመረጠው ሰው ሙዚቃውን በደንብ ያውቀዋል። ባቶሪ የሚባለው ባንድም ብለድ ፋየር ዴዝ (1988) ላይ የኖርዌጂያኑን የፒተር ኒኮላይ አርቦን የ1872 ሥዕል ነው የተጠቀመው፣ በሰማይ በፈረስ የሚጋልቡ አማልክትና ሙታን። አልበሙን ስትከፍተው ደግሞ መጀመሪያ የምትሰማው የፈረስ ማንኮራፋትና ኮቴ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይሁን?

ቀለም_በጥባጭ፦
በኤአይ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ፣ አልቀበለውም፣ እንጀራዬ ስለሆነም ብቻ አይደለም። እናንተ እላይ የጻፋችሁትን ዞር ብላችሁ አንብቡት፣ ሁላችሁም ያወራችሁት ስለ ትንንሽ ነገር ነው፣ ስለ ሄልሜት፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ ኳስ ውጤት። እነዚህን አንድ ሰው አስቦ እዛ ቦታ አስቀምጧቸዋል። የኤአዩን ሥዕል ስታቀርቡት ጥግ ላይ የምታገኙት ነገር ማንም ያላሰበው ነው፣ ቀንድ የሚመስል ግን ቀንድ ያልሆነ፣ ጽሑፍ የሚመስል ግን የማይነበብ፣ ብትፈልጉ የምታገኙት የለም። ደግነቱ የሜታል አድማጭ አይታለልም። ፔስቲለንስ የሚባሉት ባንድ በኤአይ የተሠራ ከቨር ሲያወጡ አድማጩ ስለጮኸባቸው ቀየሩት፣ ዲሳይድ የሚባሉትም በ2024ቱ አልበማቸው ከቨር ምክንያት ብዙ ተወቅሰዋል። የሰው ሥራ ፍለጋ የሚሄዱም አሉ፣ ብለድ ኢንካንቴሽን የሚባሉት ባንድ በ2019 ላወጡት አልበም የብሩስ ፔኒንግተንን ሥዕል ነው የተጠቀሙት፣ በሰባዎቹ ለሳይንስ ልቦለድ መጻሕፍት ከቨር ይሠራ የነበረ ሰዓሊ ነው። ያ አልበም ያለዛ ሥዕል አይታየኝም።

ጆሮ_ይቅደም፦
ስለ ኤአይ ከእህቴ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የዳርክስሮንም ነገር ጥሩ ነጥብ ነው፣ እሱን አስቤበት አላውቅም። ዳንስ ኦፍ ዴዝን ግን ማንም አልመለሰልኝም። ከቨሩ መጥፎ ነው፣ ሙዚቃው ጥሩ ነው፣ ታዲያ ከቨሩ የሙዚቃው አካል ከሆነ አልበሙ እንዴት ዳነ?

የድሮ_ሸክላ፦
ልመልስልህ። ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ሌላ ዓይነት ሙዚቃ ላይ መጥፎ ከቨር ወጥቶ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደዚህ ሲነሳ ሰምተህ ታውቃለህ? እኛ ቤት የሚነሳው አድማጩ እንደተቀነሰበት ስለሚያውቅ ነው፣ አንተም ራስህ አልበሙን ስትጠራ ቀድሞ የመጣልህ ከቨሩ ነው። ፓሸንዴል እኮ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የ1917 ውጊያ ነው፣ ጭቃው፣ ሽቦው፣ ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ልጆች። ማስተር ኦፍ ፐፔትስ ያችን ሄልሜት አገኘ፣ ፓሸንዴልን የሚያህል ዘፈን ደግሞ ጭምብል ካደረጉ የኮምፒውተር አሻንጉሊቶች ጋር ቀረ። ዘፈኑን ስሰማ እስከዛሬ የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፣ ያንን ጉድጓድ ሪግስ ቢስለው ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር ማየት በጣም ነው የምፈልገው።